የአየር ሁለት ልዩ ሙቀቶችና ሁለት ኢላስቲሲቲዎች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ ጋዞችና ስለ ሙቀት ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውን ሒሳብ ይዞ ስለሚነሳ በቅደም ተከተል ቢነበቡ ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፌ ለመዳብም ሆነ ለውኃ አንድ አንድ ልዩ ሙቀት ሲሰጥ፣ ለአየር ግን ሁለት ቁጥሮችን ያስቀምጣል፤ ለአንድ ኪሎግራም በአንድ ኬልቪን 718 ጁል እና 1005 ጁል። አንዱ አየር እንዴት ሁለት ልዩ ሙቀት ይኖረዋል? በመካከላቸው ያለው 287 ጁልስ የት ይገባል?

መልስ፦ ልዩ ሙቀት ማለት የአንድን ኪሎግራም ነገር መጠነ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው ስንል፣ ትርጓሜው ሳይናገር የሚያልፈው አንድ ጉዳይ አለ። ነገሩ በሚሞቅበት ጊዜ እንዲሰፋ ተፈቅዶለታል ወይስ ተከልክሏል? ይህ ሳይነገር የሚሰጥ የጋዝ ልዩ ሙቀት ትርጉም የለውም። አየሩ በማይለጠጥ ጽኑ ዕቃ ውስጥ ተዘግቶበት ከሞቀ የምንሰጠው ሙቀት በሙሉ የሞለኪውሎቹን እንቅስቃሴ ለማፋጠን ብቻ ይውላል፤ ለዚህም 718 ጁል ይበቃል። አየሩ ያለው እንደልቡ ከፍ ዝቅ በሚል ፒስተን ሥር ከሆነ ግን እየሞቀ ሲሄድ እየሰፋ ፒስተኑን ይገፋል፤ መግፋት ሥራ ነው፤ ለሥራውም ተጨማሪ ጉልበት መክፈል አለብን።

የተጨማሪው ክፍያ መጠን በቀላሉ ይሰላል። በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በአንድ የከባቢ አየር ግፊት፣ ማለትም በ101,325 ፓስካል፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.293 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎግራሙ 0.7734 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ግፊቱ ሳይለወጥ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ይዘቱ በ273.15 ተካፍሎ አንዱን እጅ ያህል ይጨምራል፤ ይኸውም 0.00283 ሜትር ኩብ፣ ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ነው። ጋዙ የሠራው ሥራ ግፊቱ በይዘቱ ጭማሪ ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ፣ 101,325 በ0.00283 ሲባዛ 287 ጁል ይሰጣል። የጠፋ የመሰለዎት ሙቀት እነሆ፤ ፒስተኑን፣ ከፒስተኑም በላይ ያለውን ከባቢ አየር ወደ ላይ ገፍቶበታል።

ይህን ስሌት በተገላቢጦሽ የሠራው ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ሮበርት ማየር ነበር። በ1842 ዓ.ም. ሁለቱን ልዩ ሙቀቶች ከመነሻው እንደታወቁ ወስዶ፣ የልዩነታቸው ሙቀት ከተሠራው ሥራ ጋር እኩል መሆን አለበት በማለት፣ አንድ ካሎሪ ስንት ሥራ እንደሚያወጣ አሰላ። ያገኘው ውጤት ዛሬ ከምናውቀው ከአሥር በመቶ በላይ ያንሳል፤ ጉድለቱ ግን የአስተሳሰቡ ሳይሆን በዘመኑ የነበሩት የልዩ ሙቀት ልኬቶች ነው። በእኔ አስተያየት አንድም አዲስ ሙከራ ሳይሠራ፣ ሌሎች በለኳቸው ቁጥሮች ብቻ ይህን ያህል ርቆ የሄደ ስሌት በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

የማየር ስሌት ግን አንድ ነገር ይታመንልኝ ይላል፤ ይኸውም ጋዙ ሲሰፋ ሞለኪውሎቹን አንዱን ከሌላው ለማራቅ የሚወጣ ጉልበት የለም ማለት ነው። ይህን፣ የጉልበት መለኪያው ጁል በስሙ የተጠራለት እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁል በ1845 ዓ.ም. ፈትኖታል። በ22 የከባቢ አየር ግፊት የታመቀ አየር የያዘ የመዳብ ዕቃን ባዶ ከሆነ ሌላ ዕቃ ጋር አገናኝቶ ሁለቱንም ውኃ ውስጥ ነከራቸው፤ ቧንቧውን ከፍቶ አየሩ ወደ ባዶው ሲስፋፋ ቴርሞሜትሩ የውኃው መጠነ ሙቀት ተለውጧል አላለም። በኋላ ጁልና ቶምሰን በረቀቀ ዘዴ ሲፈትሹት ጥቂት መቀዝቀዝ እንዳለ ታውቋል፤ ለተለመደው አየር ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

መዳብና ውኃም ቢሆኑ በእውነቱ ሁለት ሁለት ልዩ ሙቀት አላቸው። መስፋታቸው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ለውኃ ከአንድ በመቶ ያነሰ፣ ለብዙ ማዕድናትም ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ መጽሐፍዎ አንዱን ብቻ የሰጠው ለዚህ ነው። እንዲያውም ውኃ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ አይሰፋም፤ አይጠብብምም፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ልዩ ሙቀቶች እኩል ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ጋዝ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ እንደ ሽቦ ተለጥጦ ወደ ቦታው አይመለስም። ታዲያ እንዴት ኢላስቲክ ይባላል? መምህራችን ደግሞ የጋዝ ኢላስቲሲቲ ሁለት ነው፣ አንዱ ከግፊቱ ጋር እኩል ሲሆን ሌላው ግፊቱ በጋማ ሲባዛ ነው ብለውናል። ጋማ የሁለቱ ልዩ ሙቀቶች ጥምርታ መሆኑን አውቃለሁ። ሙቀትን ከመለጠጥ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ጋዝ ቅርጹን ለመለወጥ የሚደረግን ጥረት አይቃወምም። ይዘቱን ለመቀነስ የሚደረገውን ግን ይቃወማል፤ ስንለቀውም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚህ ረገድ ኢላስቲሲቲ የምንለው፣ የጨመርነው ግፊት ይዘቱ ከቀነሰበት እጅ ጋር ያለው ጥምርታ ነው። ለምሳሌ ይዘቱ አንድ በመቶ እንዲቀንስ 1,000 ፓስካል መጨመር ካስፈለገ ኢላስቲሲቲው 1,000 ለ0.01 ሲካፈል፣ ማለትም 100,000 ፓስካል ነው። የውኃ ኢላስቲሲቲ 2.2 ቢሊዮን ፓስካል ያህል ነው፤ አየር በተለመደው ግፊት ከውኃ ይልቅ ሃያ ሺህ ጊዜ ያህል በቀላሉ ይታመቃል ማለት ነው።

አሁን በ100,000 ፓስካል ግፊትና በ300 ኬልቪን ያለ አየር በሲሊንደር ውስጥ ይዘን ይዘቱን አንድ በመቶ እንቀንሰው። መጀመሪያ ፒስተኑን እጅግ ቀስ አድርገን እንግፋ፤ አየሩም የሚያገኘውን ሙቀት በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ እያስወጣ መጠነ ሙቀቱን ይጠብቃል። መጠነ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱ በይዘቱ ሲባዛ የሚገኘው አይለወጥም በሚለው በቦይል ሕግ መሠረት ግፊቱ 101,010 ፓስካል ይሆናል፤ ጭማሪው ከግፊቱ አንድ በመቶ ያህል ስለሆነ ኢላስቲሲቲው ራሱ ግፊቱ ነው። ይህ አይሶተርማል የሚባለው ነው።

ቀጥለን ሙቀት ለመውጣት ጊዜ እንዳያገኝ በፍጥነት እንግፋው። በፒስተኑ ላይ የሠራነው ሥራ ሁሉ በአየሩ ውስጥ ይቀራል፤ አየሩም በ1.2 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የሞቀ አየር የበለጠ ስለሚገፋ ግፊቱ በ1,010 ሳይሆን በ1,417 ፓስካል ይጨምራል። ኢላስቲሲቲው ወደ 140,000 ፓስካል ከፍ አለ፤ ይህ ደግሞ አዲያባቲክ የሚባለው ነው። ልብ ይበሉ፤ የግፊቱ ጭማሪ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሞለኪውሎቹ በጠበበ ቦታ በመታጨቃቸው የመጣው አንድ በመቶ ነው፤ ሁለተኛው በመሞቃቸው የመጣው 0.4 በመቶ ነው።

የጥያቄዎ መልስ ያለው በዚህ 0.4 ውስጥ ነው። አየሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚወስነው የሠራንበት ሥራ ለ718 ጁል ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ምክንያቱም ሥራው የሞለኪውሎቹን እንቅስቃሴ ብቻ አፋጥኗል። የሥራው መጠንስ? በመጀመሪያው መልስ እንዳየነው፣ አንድ ኪሎግራም አየር ከመጠነ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ጋር በሚመጣጠን እጅ ሲሰፋ ወይም ሲጠብብ ሥራው 287 ጁል ነው። በ300 ኬልቪን አንድ በመቶ ማለት ሦስት ዲግሪ ስለሆነ ሥራው 3 ጊዜ 287፣ ማለትም 861 ጁል ይሆናል፤ ይህን ለ718 ስናካፍል 1.2 ዲግሪ እናገኛለን። 1.2 ከ300 ደግሞ 0.4 በመቶ ነው። ስለዚህ 0.4 የተባለው ቁጥር 287 ለ718 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ከመጨናነቅ የመጣውን 1 ስንጨምርበት 1.4 ይሆናል። 718 እና 287 ተደምረው 1005 ስለሚሆኑ፣ ይህ ጥምርታ ከ1005 ለ718 በምንም አይለይም። ሁለቱ ኢላስቲሲቲዎች የሚለያዩት ሁለቱን ልዩ ሙቀቶች በለያየው በዚያው ሥራ ምክንያት ነው።

መምህርዎ የነገሩዎት ግፊቱ ራሱ ወይም ግፊቱ በጋማ ሲባዛ የሚለው ለጋዝ ብቻ የሚሠራ ነው። የሁለቱ ኢላስቲሲቲዎች ጥምርታ ከሁለቱ ልዩ ሙቀቶች ጥምርታ ጋር እኩል ነው የሚለው ግን ለውኃም ለብረትም፣ ለማንኛውም ነገር ይሠራል። ከቴርሞዳይናሚክስ ሕግጋት በቀጥታ የሚወጣ እንጂ ከጋዝ ጠባይ የሚመነጭ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኒውተን የድምፅን ፍጥነት ሲያሰላ የተሳሳተው ለምንድን ነው? ድምፅ ፈጣን ስለሆነ አዲያባቲክ ነው የሚለው ማብራሪያ አላረካኝም፤ ምን ያህል ሲፈጥን ነው ፈጣን የሚባለው?

መልስ፦ አለመርካትዎ ትክክል ነው፤ ማብራሪያው በብዙ መጻሕፍት የሚደጋገም ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው።

ታሪኩን በአጭሩ እናንሳ። ኒውተን በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራው፣ የድምፅ ፍጥነት የአየሩ ኢላስቲሲቲ ለእፍጋቱ ተካፍሎ የውጤቱ ስኩዌር ሩት መሆኑን አሳየ። ይህ ዛሬም የሚሠራ ነው። ኢላስቲሲቲው ግን ራሱ ግፊቱ ነው ብሎ ወሰደ፤ በዚህም መንገድ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 280 ሜትር በሰከንድ ይወጣል። የሚለካው ግን 331 ሜትር ነው። ኒውተን በኋላ ልዩነቱን ለመሙላት የአየር ቅንጣቶች ውፍረትና በአየር ውስጥ ያለ እንፋሎት የሚሉ ምክንያቶችን አቀረበ፤ እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ እንዲገጥም ተብለው የመጡ ይመስላሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1816 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ላፕላስ ትክክለኛውን ኢላስቲሲቲ አስገባ፦ ግፊቱን በጋማ ማባዛት። የ1.4 ስኩዌር ሩት 1.183 ስለሆነ፣ 280 በዚህ ሲባዛ 331 ይሆናል።

ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። ድምፅ ሲያልፍ አየሩ በተከታታይ ይታመቃል፤ ይሳሳል። የታመቀው ክፍል ሞቃት፣ የሳሳው ቀዝቃዛ ነው። ሙቀት ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ መጠነ ሙቀታቸውን ለማስተካከል የማዕበሉን ርዝመት ግማሽ ያህል መጓዝ አለበት፤ ለዚህ ያለው ጊዜም የንዝረቱ ግማሽ ጊዜ ብቻ ነው። በሰከንድ 1,000 ጊዜ ለሚነዝር ድምፅ ርቀቱ 17 ሴንቲሜትር፣ ጊዜውም 0.0005 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ሙቀት በአየር ውስጥ የሚሰርገው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ነው። መድረስ ከሚገባው አንድ ሺሕኛውን እንኳ አልተጓዘም።

አሁን ንዝረቱን ወደ 100 ዝቅ እናድርግና ቀርፋፋ ድምፅ እንውሰድ። ጊዜው አሥር እጥፍ ሲረዝም ሙቀት የሚሰርገው ርቀት የሚያድገው በአሥር ስኩዌር ሩት ብቻ ስለሆነ ወደ 0.3 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ መጓዝ ያለበት ግን አሥር እጥፍ ጨምሮ 1.7 ሜትር ሆኗል። እንግዲህ ንዝረቱ ሲዘገይ ድምፁ ይበልጥ አዲያባቲክ ይሆናል እንጂ ወደ አይሶተርማል አይጠጋም። ድምፅን አዲያባቲክ ያደረገው ፈጣን መሆኑ ሳይሆን፣ በሞቃቱና በቀዝቃዛው መካከል ያለው ርቀት ለሙቀት እጅግ ሩቅ መሆኑ ነው። በጣም በጠበበ ቱቦ ወይም በጥቃቅን ቀዳዳዎች በተሞላ ስፖንጅ ውስጥ ግን ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ ሙቀት ወደዚያ ይሸሻል፤ በዚያ ቦታ ላይ የኒውተን ቁጥር ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ከዚህ የተገኘ ሌላ ጥቅም አለ። የድምፅ ፍጥነት ጋማን ስለሚገልጥ፣ ጋማም ሞለኪውሉ ከስንት አቶም እንደተሠራ ይጠቁማል። ነጠላ አቶም ጉልበት የሚያከማችበት መንገድ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ብቻ ስለሆነ የማይሰፋው ጋዝ ልዩ ሙቀት ትንሽ፣ ጋማው ትልቅ ይሆናል፤ 1.67። ሁለት አቶም ያላቸው ኦክስጅንና ናይትሮጅን በተጨማሪ ስለሚሽከረከሩ ጋማቸው 1.4 ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.3 ገደማ ላይ ይቆማል። ሬይሊና ራምዚ በ1894 ዓ.ም. አርጎንን ይፋ ባደረጉ ጊዜ ጋዙ ከምንም ጋር አልዋሐድ ስላለ በኬሚካዊ መንገድ የአቶሙን ብዛት ማወቅ አልተቻለም። በቱቦ ውስጥ የድምፅን ፍጥነት ለክተው ጋማን ወደ 1.66 አገኙት፤ ቀደም ሲል በ1876 ዓ.ም. ኩንትና ዋርቡርግ በሜርኩሪ እንፋሎት ላይ ያገኙት ውጤትም ይኸው ነበር። ስለዚህ አርጎን በነጠላ አቶም የሚኖር፣ የአቶም ክብደቱም 40 ገደማ የሆነ ንጥረ ነገር ነው ተባለ። ፖታሲየም 39 ስለሆነ ይህ በዘመኑ በአቶም ክብደት ይደረደር የነበረውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ቅደም ተከተል አናጋ፤ ሙግትም አስነሣ፤ ነገር ግን የድምፁ ልኬት ጸንቶ ቆመ።

ጥያቄ፦ የቤተ ሙከራ መሣሪያችን ጥቂት ነው። ጋማን ከተማሪዎቼ ጋር ልንለካበት የምንችል ቀላል መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ክሌማንና ዴዞርም በ1819 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። ትልቅ ጠርሙስ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ሰፊ አፍ ያለው መክፈቻ፣ ከጠርሙሱ ጋር የተገናኘና በውኃ የተሞላ የዩ ቅርጽ ያለው ቱቦ ይበቃል። ጥቂት አየር ያስገቡና የውኃው ከፍታ ልዩነት ጸጥ እስኪል ይጠብቁ፤ ፓምፑ አየሩን ስላሞቀው ይህ ደቂቃዎችን ይወስዳል። የተገኘው ልዩነት 20 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ከዚያ መክፈቻውን ለቅጽበት ከፍተው ይዝጉት። አየሩ ሲወጣ በጠርሙሱ የቀረው ይሰፋል፤ ይቀዘቅዛል። ከተዘጋ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ ግፊቱ እንደገና ከፍ ይላል፤ የውኃው ልዩነት ለምሳሌ 5.7 ሴንቲሜትር ላይ ይቆማል። ጋማ የመጀመሪያው ከፍታ ከሁለቱ ከፍታዎች ልዩነት ጋር ያለው ጥምርታ ነው፤ 20 ለ14.3 ሲካፈል 1.40።

አስቸጋሪው መክፈቻው ነው። ፈጥነው ከዘጉት አየሩ ወጥቶ አላለቀም፤ ሁለተኛው ከፍታ ከሚገባው በላይ ይሆንና ጋማን ያጋንናል። ከዘገዩ ደግሞ የቀዘቀዘው አየር ክፍት ሳለ ይሞቃል፤ ጋማ ያንሳል። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ያነሰውን ነው፤ መክፈቻው ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ጥፋቶች ተቀላቅለው የትኛው የትኛውን እንደሸፈነ ማወቅ አይቻልም። የመክፈቻውን ስፋት ቸል አይበሉት።

ጥያቄ፦ ልዩ ሙቀት ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። አዲያባቲክ በሆነ መታመቅ ምንም ሙቀት ሳይገባ መጠነ ሙቀቱ ስለሚጨምር ልዩ ሙቀቱ ዜሮ ነው። በአይሶተርማል መስፋት ደግሞ ሙቀት እየገባ መጠነ ሙቀቱ ስለማይለወጥ ወሰን የለውም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል በሚሄድ መስፋት ልዩ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንድ ኪሎግራም አየር 100 ጁል ሙቀት እየተቀበለ 172 ጁል ሥራ ሠራ እንበል፤ የጎደለውን 72 ጁል ከራሱ ስለሚከፍል በ0.1 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። እየሞቁት ቀዘቀዘ፤ ልዩ ሙቀቱም ለኪሎግራም በኬልቪን ከዜሮ በታች 1,000 ጁል ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ክላውዚየስና ራንኪን በ1850 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንዳሳዩት፣ ለመጤዝ አፋፍ ላይ ያለ የውኃ እንፋሎት መጠነ ሙቀቱ ሲለወጥ ከዚያው አፋፍ እንዳይለይ ከተደረገ ልዩ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ነው፤ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለኪሎግራም በኬልቪን ከዜሮ በታች 4.5 ኪሎጁል ገደማ ይሆናል። በመሆኑም እንፋሎቱ ሥራ እየሠራ ሲሰፋና ሲቀዘቅዝ ከውጭ ሙቀት ካልተጨመረለት ከፊሉ ወደ ጠብታ ይለወጣል። የእንፋሎት ተርባይን ሠሪዎች እንፋሎቱን በመካከል አውጥተው እንደገና የሚያሞቁት፣ በመጨረሻዎቹ ምላጮች ላይ የሚያርፉት ጠብታዎች ብረቱን እየሸረሸሩ እንዳይጨርሱት ነው።